«ኮሶ ጠጥቷል» ያስባልኩባቸው ወራት

ይህን የምጽፈው ጆሮው ጭው ሲልበት «ነገ ይተወኛል» ብሎ ለሚተኛ ሰው ነው። እኔም እንደዚያ ብዬ ተኝቻለሁ። ደግሞም ሕመሙን ከሰው ደብቆ በሩን ለዘጋ ሰው እጽፋለሁ፤ ጽሑፉ ከፊተኛው ይልቅ ለዚህኛው ያስፈልገዋል። ሐኪም አይደለሁም። የአዳማ ስልከኛ ነበርኩ። ዛሬ ሰው «የንቡ ጌታ» ይለኛል፤ ሲሉኝ የሚስቁም አሉ፣ ይሳቁ።

አዳማ ባቡር ከገባ ወዲህ የሰፋች ከተማ ናት። እኔም ከቡልጋ ወርጄ ስልክ ቤት የገባሁት ከባቡሩ በኋላ ነው። ሥራዬ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ የእንጨት ሳጥን ፊት ተቀምጦ እጀታውን ማዞር፣ መስሚያውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የሰማሁትን መጻፍ፣ ጽፈው የሰጡኝን ደግሞ መናገር ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ተቀመጥኩ። በየማለዳው መስመሩ ደኅና ማደሩን ለማወቅ ወደ ሞጆ እደውላለሁ።

«ሞጆ! ሞጆ! አዳማ ነኝ።»

«አዳማ! ሞጆ ነኝ። እንዴት አደርክ?»

ሞጆ ማለት ደምሴ ነው፤ የሞጆው ስልከኛ። መስመሩ ደኅና መሆኑን ካወቅን በኋላ ጥቂት እንጫወታለን። ዝናብ መዝነቡን፣ በቅሎው መታመሟን፣ ሚስቱ ሴት ልጅ መውለዷን ሁሉ የነገረኝ በዚያ ሽቦ ነው። እናቴ ስትሞት ከሚስቴ ቀጥሎ ያለቀስኩት ለእሱ ነው። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ግን አንድ ቀን እንኳ ዓይን ለዓይን አልተያየንም። በባቡር ሄጄ ላየው ስነሣ «መስመሩን ማን ይጠብቀዋል?» እላለሁ፤ እሱም እንደዚያው ይላል። ቁመቱ ይጠር ይርዘም፣ ይጥቆር ይቅላ አላውቅም። ሳቁን ግን ከመቶ ሰው ሳቅ መካከል እለየዋለሁ።

ከዚህ ሥራ ሌላ የምወደው ነገር አልነበረኝም። ሰው ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ገበጣ ሲጫወት ባይ ሥራ ፈት እለዋለሁ። ጓሮ የሚኮተኩት ጎረቤቴን «መሬቱን ለገበሬ ተውለት» ብዬ አሾፍበታለሁ። አርባ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ አንድ ነገር ብቻ የማውቅ ሰው ነበርኩ፤ መስማት።

በመስከረም የተበጠሰ ሽቦ ለማስጠገን ወደ አዋሽ ዳር ወርደን በረግረጉ አጠገብ ሦስት ቀን አደርን። ስመለስ ንዳድ ያዘኝ። ቆላ የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ ያንቀጠቅጣል፣ ያቃጥላል፣ ያልብና ይለቃል፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ይመለሳል። ከአንድ ግሪክ ሱቅ ኪኒን ገዛሁ። ባለ ሱቁ «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ሰባት ቀን፣ ከዚያ ይበቃል» አለኝ። እኔ ግን በእናቴ ቤት የሚመር ነገር ሁሉ መድኃኒት ነው ተብዬ ያደግሁ ነኝ። ይህ ነገር እንዲህ ከመረረና አንዱ ይህን ያህል ካዳነ ሦስቱ ምን ያህል ያድን ይሆን ብዬ ጠዋት ሦስት፣ ማታ ሦስት ዋጥኩ። ንዳዱ ለቀቀኝ። እኔ ግን ተመልሶ እንዳይመጣ ብዬ ኪኒኑን እስከ ኅዳር አልለቀቅኩትም።

መጀመሪያ የሰማሁት ፉጨት ነበር። ነፋስ በሚነፍስበት ቀን የስልክ ሽቦ ምሰሶው ላይ እንዴት እንደሚያፏጭ ታውቃላችሁ? ልክ እንደዚያ ነው፤ ግን ነፋስ የለም። ውጪ ወጥቼ ሽቦውን አየሁት፤ ዝም ብሏል። ከዚያ ፉጨቱ ጭውታ ሆነ፣ ጭውታው ደግሞ የሰውን ቃል ይሸፍን ጀመር። ደምሴን «ጮህ በል» እለዋለሁ፣ ይጮሃል። «መስመሩ ተበላሽቷል» እለዋለሁ። መስመሩ ደኅና መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

አንድ ቀን ከሳጥኑ አጠገብ ተቀምጬ መዝገብ ስጽፍ ደብዳቤ ይዞ የሚጠብቀው ፈረሰኛ ዘሎ ተነሥቶ ትከሻዬን ነቀነቀኝ። ቀና ብዬ ሳይ ጣቱን ወደ ሳጥኑ ቀስሮ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ደወሉን አየሁት። ትንሿ መዶሻ በሁለቱ ቃጭሎች መካከል ትንቀጠቀጣለች። ከፊቴ አንድ ክንድ ርቀት ላይ እየጮኸ አልሰማሁትም። ለፈረሰኛው «እንቅልፍ ወስዶኝ ነው» አልኩት፤ ዓይኔ ፈጦ ብዕር በእጄ ይዤ።

ከዚያ በኋላ ያልገባሁበት የለም። አንድ መርጌታ መጋኛ መትቶሃል ብለው ክታብ ጻፉልኝ፣ አሰርኩ። ወጌሻው የጤና አዳም ጭማቂ ሞቅ አድርጎ ጆሮዬ ውስጥ ጨመረ፤ ጆሮዬ ቆሰለ እንጂ አልተከፈተም። የሶደሬ ፍል ውሃ ሄጄ ሰባት ቀን ተነከርኩ። በመጨረሻ አንዲት መድኃኒት አዋቂ የሆዴ ትል ወደ ራሴ ወጥቷል አለችና ኮሶ አዘዘችልኝ። ለማያውቅ ልንገረው፤ ጥሬ ሥጋ የምንበላ ሰዎች በየሁለት ወሩ ለሆድ ትል ኮሶ እንጠጣለን። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን ከቤቱ አይወጣም፣ በሩ ይዘጋል፣ እንግዳ አይቀበልም። «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ የመጣው ሰው ማንም ይሁን «ይማረው» ብሎ ይመለሳል፤ ማንም አይቀየምም። እኔ በወር ሁለት ጊዜ ጠጣሁ። ጉልበቴ ከዳኝ፣ ዓይኔ ብዥ አለብኝ፣ ጆሮዬ ግን ያው ነው።

አለቆቼን ንዳድ አድክሞኛል ብዬ ሥራውን ለቀቅኩ። እውነቱን ብናገር ምን ይሆን ነበር? ምናልባት ያዝኑልኝ ነበር። እኔ ግን «ስልከኛው ደነቆረ» ሲባልና ከተማው ሲስቅ ታየኝ። በእርግጥም ለመሳቅ የሚመች ነገር ነው። ለደምሴም አልነገርኩትም። አንድ ማለዳ በእኔ ድምፅ ፋንታ የሌላ ሰው ድምፅ ሰማ፤ በቃ።

ኮሶውን ብተወውም «ኮሶ ጠጥቷል» የሚለውን ቃል አልተውኩትም። በቤቴ ውስጥ ከሁሉ የሚጠቅም ዕቃ ሆነልኝ። በር ሲንኳኳ ሚስቴ ተዋበች ወጥታ «ኮሶ ጠጥቷል» ትላለች፣ ሰውየው ይሄዳል። መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን ነበር፣ ኋላ ሁለት፣ ከዚያ በየቀኑ። በዓለም ላይ የእኔን ያህል ኮሶ የጠጣ ሰው የለም። የማኅበራችን ተራ እኛ ዘንድ ሲደርስ እንኳ ይህንኑ አስባልኳት፤ ተራው አለፈን። ተዋበች ለማኅበሩ ጠላ ልትጠምቅበት አጥናው የነበረውን ትልቁን ጋን ጓሮ አውጥታ በጎኑ አጋደመችው። ያን ቀን ፊቷን አላየሁትም፤ ሆን ብዬ ነው ያላየሁት።

ተዋበችም ልታናግረኝ ስትል ትጮሃለች፤ መጮኋን ከአንገቷ ሥር መገተር አውቀዋለሁ። «አትጩሂ! ጎረቤት ይሰማል» ብዬ ከለከልኳት። ጽሕፈት አትችልም። በእጇ ስታመለክትልኝ ደግሞ እንደ ሞኝ የተቆጠርኩ ይመስለኝና ፊቴን አዞራለሁ። እንግዲህ በምን ታናግረኝ? አንድ መሶብ ቀርበን እየበላን ሁለታችንም ብቻችንን ነበርን። ሆድ ይብሰኛል፣ ግን ሆድ የባሰኝ በራሴ መሆኑን አላውቅም፤ በእሷ ይመስለኛል።

በየካቲት አንድ ሰው መጣ። በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት፤ አጠር ያለ፣ ጠይም፣ ግራጫ በርኖስ የለበሰ፣ በእጁ ጥቅል የያዘ ሰው። ፈጽሞ አላውቀውም። ከተዋበች ጋር ብዙ ተነጋገረ። የኮሶውን ቃል እንደ ነገረችው አፏ ያስታውቃል፤ ሰውየው ግን አልሄደም። ከዚያ እጁን አንሥቶ ጆሮው ላይ አደረገና ወደ ቤቱ ውስጥ አመለከተ፣ ሳቅም አለ። መደንቆሬ ተሰምቷል፤ ይኸው ሊያዩኝ፣ ሊሳለቁብኝ ሰው ላኩ አልኩ። ቤት ገብቼ መዝጊያውን በኃይል ዘጋሁት። ቆይቶ ተዋበች ጥቅሉን ይዛ ገባችና እሷም እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ በሩ አሳየችኝ። ሚስቴም! ያን ቀን የተናገርኳትን እዚህ አልጽፈውም። ጥቅሉን አስቀምጣ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ልታናግረኝ መሞከሯን ተወች።

ጥቅሉ ውስጥ ለአራስ ቤት የሚሆን ዓይነት የተነጠረ ቅቤ ነበረ። ማን ላከው ብዬ አልጠየቅኩም። ብጠይቅስ መልሱን በምን እሰማዋለሁ?

በመጋቢት አንድ ቀን ቤት መዋል አንገሽግሾኝ ሰው በማይበዛበት በባቡሩ ሐዲድ ላይ ወደ ከተማው ዳር እሄድ ነበር። ከእግሬ በታች ጠጠሩ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ምድር ተንቀጠቀጠች ብዬ ቆምኩ። አዎ፣ ቆምኩ! በዚያች ቅጽበት አንድ ኃይለኛ እጅ ነጠላዬን ይዞ ወደ ጎን ወረወረኝ። ወድቄ ቀና ስል የባቡሩ መንኮራኩሮች በፊቴ ያልፋሉ፤ ያለ ድምፅ። ጢሱን አያለሁ፣ ነፋሱ ይገርፈኛል፣ ድምፅ ግን የለም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያ ዝም ያለ ባቡር ግን አሁንም በሕልሜ ይመጣል።

የጎተተኝ ኦቦ ቦሩ ነበር፤ ከአዳሚ ቱሉ ወገን ማር እያመጣ የሚሸጥ፣ በከተማው ዳር የሚኖር ጠና ያለ ኦሮሞ። በቁጣ ይጮህብኝ ነበር። ከዚያ ፊቴን አየ። ጣቱን ጆሮው ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ፤ «አይሰማህም?» ማለቱ ነው። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለሰው ልጅ፣ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። አልሳቀም። ክንዴን ይዞ ቤቴ ድረስ ወሰደኝ። ለተዋበች የነገራትን ኋላ ነው ያወቅኩት፤ «እኅቴ፣ ይህ ሰው ጆሮ የለውም። ለምን ብቻውን ትለቂዋለሽ? ኮሶ ነው ኮሶ ነው ትያለሽ፤ ኮሶ ሰውን ሐዲድ ላይ ያቆማል?» ብሏታል። ተዋበች በማግስቱ በቅሎዬን ሸጠችና አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ እንድሄድ በእጇ አመልክታ ልብሴን ጠቀለለች።

ከሐኪሙ ቤት በረንዳ ላይ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። አስተርጓሚው በር ላይ ብቅ እያለ የበሽተኛውን ስም ይጠራል። እኔ አፉን እየተከተልኩ የእኔን ስም ልለይ እሞክራለሁ፤ ጢሙ ከንፈሩን ሸፍኖታል። ከእኔ በኋላ የመጡት ሁሉ ገብተው ወጡ። «ስሜ ሲጠራ አልሰማምና ጥቀሱኝ» ማለት እንዴት ያቅታል? አቃተኝ። በሁለተኛው ቀን አጠገቤ ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ የታሰረ አንዲት ባልቴት ተቀምጠው ነበር። በእጃቸው እየዳሰሱ ማን እንዳለ ይፈልጋሉ። እሳቸው አያዩም፣ ስለዚህ አላፈርኩም። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ «እማማ፣ ወልደ ሰንበት እባላለሁ፤ ጆሮዬ አይሰማም፤ ሲጠሩኝ ይንኩኝ» አልኳቸው። በአፌ ስናገረው ያ የመጀመሪያዬ ነው። ባልቴቲቱ እጄን ፈልገው ያዙና አልለቀቁኝም። ከሰዓት በኋላ በድንገት ጨበጥ አደረጉኝ፤ ተነሣሁ። እኔ ተመርምሬ ስወጣ የእሳቸው ተራ ደርሶ ስለነበር ይዣቸው ገባሁ። ደረጃው ሦስት መሆኑን በመዳፋቸው ላይ ሦስት ጊዜ መታ አድርጌ ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም፤ እግዚአብሔር ዓይናቸውን መልሶላቸው እንደሆነ አላውቅም።

ሐኪሙ ሲመቱት የሚነዝር ሁለት ጣት ያለው ብረት መታ አድርጎ አንዴ ጆሮዬ አጠገብ፣ አንዴ ከጆሮዬ ኋላ ባለው አጥንት ላይ አደረገው። በቀኝ ምንም። በግራ፣ አጥንቱ ላይ ሲያደርገው፣ አንድ ነገር ነዘር አለኝ። አስተርጓሚው የሐኪሙን ጥያቄ በወረቀት ጻፈልኝ፤ ምን መድኃኒት እንደ ወሰድኩ ይጠይቃል። ስለ ኪኒኑ ነገርኩት። ስንት? ነገርኩት። ሐኪሙ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ኪኒን ሲበዛ ጆሮን ይመታል፤ ክታቡ፣ ጭማቂውና ኮሶው ሁሉ ከዚህ ጋር ነገር የላቸውም አለ። ደግሞ ንዳድ ቢመለስብኝ እንኳ ባለሙያ ካላዘዘልኝ በራሴ እንዳልውጥ አስጠነቀቀኝ። «ይመለሳል ወይ?» ብዬ ጠየቅኩ። «ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። መጠበቅ ነው» የሚል መልስ ተጻፈልኝ። «እየጠበቅኩ ምን ልሥራ?» አልኩ። ሐኪሙ ትከሻውን ነቀነቀና አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው «ጆሮ የማይፈልግ ነገር ውደድ» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን ዛሬም በመጽሐፍ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

በአርባ ሰባት ዓመት አዲስ ነገር ውደድ ይባላል እንዴ? ቤት ስገባ ሞከርኩ። ሎሚና ፓፓያ ተከልኩ፤ ፓፓያውን ፍየል በላው። ያን የናቅኩትን ገበጣ ለመማር ከዛፍ ጥላ ሥር ካሉት ሰዎች ተቀላቀልኩ፤ ተጫዋቾቹ ተፈራርተው ዝም አሉ፣ ወይም ዝም ያሉ መሰለኝ፤ ተመልሼ መጣሁ። ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ በዓይኔ ተመለከትኩ። ክረምት ያለ ድምፅ እንዴት ይረዝማል!

መስከረም ሲጠባ አንድ ማለዳ ጓሮ ስወጣ ያ የተጋደመ ጋን አፉ ላይ ጥቁር ነገር ይርመሰመሳል። ንብ ነው። መንጋው መጥቶ ማኅበርተኛ ያልጠጣበትን ጋን ቤቴ ብሎ ገብቷል። ተዋበች ጭድ አቀጣጥላ መጣች፤ ጋኑን ትፈልገዋለች። እኔ ግን ምን እንደ ነካኝ እንጃ፣ ከፊቷ ቆምኩ። ወራት ሙሉ እንግዳ ሳናስገባ ቆይተን፣ ሳይጠየቅ የገባን እንግዳ በጢስ ማስወጣት አንጀቴ አልቻለም። ጭዱን መሬት ላይ ጣለችና ገባች። እኔም ኦቦ ቦሩን ልጠራ ሄድኩ።

ኦቦ ቦሩ ሲያገኘኝ «አካም ቡልቴ?» ይለኛል፤ እንዴት አደርክ ማለት ነው፤ ከንፈሩን ስለለመድኩት ያለ ጆሮም ገባኝ። ሰላምታውን ሳይጨርስ ጎተትኩት። ጋኑን አይቶ እንደ ሕፃን ተደሰተ፤ ንብ በራሱ ፈቃድ የገባበት ቤት የተባረከ ነው ይላሉ። ማስተማር የጀመረው ያን ዕለት ነው። ከእሱ ጋር መማር ቃል አያስፈልገውም። እሱ ያደርጋል፣ እኔ አያለሁ፤ ስሳሳት እጄን መታ ያደርገኛል። የጋኑን አፍ በጭቃና በእበት አጥብቦ ለመግቢያ የጣት ስፋት መተውን፣ በቀስታ መንቀሳቀስን፣ ንቦቹ በማለዳ ብርድ ሳሉ መቅረብን፣ ከሸንበቆ ቀፎ መሥራትን አሳየኝ። ስነደፍ ጮህኩ፤ የጮህኩትን ግን አልሰማሁም። ኦቦ ቦሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። በሰው ፊት ከሳቅኩ ዓመት ሊሞላኝ ነበር።

ወደድክ ወይ አትሉኝም? ወደድኩ። ጠዋት ተነሥቼ ፊቴን ሳልታጠብ ወደ ጋኑ እሄዳለሁ። ከየትኛው አበባ እንደ ተመለሱ ከእግራቸው ላይ ካለው ዱቄት መለየት ጀመርኩ፤ ቢጫው የአደይ ነው፣ ነጣ ያለው የግራር። በጥቅምት ከኦቦ ቦሩ ጋር አዳሚ ቱሉ ድረስ ሄጄ በግራር ላይ የተሰቀሉ ቀፎዎቹን አየሁ፤ ሳር ላይ ተኝቼ ንብ ስቆጥር ዋልኩ። ያ ጓሮ የሚኮተኩተው ጎረቤቴ ቢያየኝ ምን ይለኝ ነበር? ግን እውነቱን ልናገር፤ ንብ ሰው አይሆንም። ማታ ወደ ቤት ስገባ ተዋበች ጀርባዋን ሰጥታኝ ትሠራለች፣ እኔም ያየሁትን የምነግረው አጣለሁ።

ኦቦ ቦሩ ቀፎ መበርታቱን የሚያውቀው ጆሮውን ለጥፎ በመስማት ነው። በጋኑ ላይ እንዲህ ሲያደርግ ቀና ብሎ አየኝና አፈረ። እጄን ያዘና መዳፌን በጋኑ ሆድ ላይ አሳረፈው። ይነዝራል፤ ለስለስ ያለ፣ የማያቋርጥ ንዝረት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መዳፌን አሳርፋለሁ። ኋላ ግትርነት ይሁን ተስፋ አላውቅም፣ ግራ ጆሮዬንም መለጠፍ ጀመርኩ። የምሰማው ያንኑ የራሴን ጭውታ ነው።

በታኅሣሥ መጨረሻ አንድ ማለዳ ጆሮዬን ጋኑ ላይ አድርጌ ሳለ ጭውታው ወፈር ያለ መሰለኝ። ሕመሜ ባሰ ብዬ ደነገጥኩ። ጆሮዬን አነሣሁ፤ ቀጠነ። መልሼ ለጠፍኩ፤ ወፈረ። ዐሥር እርምጃ ራቅኩ፣ ቆምኩ፣ ተመለስኩ። የእኔ ጭውታ እኔ በሄድኩበት ሁሉ ይከተለኛል፤ ይህኛው ግን ስሄድ ከጋኑ ጋር ይቀራል። ይህኛው የእኔ አይደለም! የንቦቹ ነው! ስምንት ጊዜ ይሁን ዐሥር ጊዜ ተመላለስኩ። ከዚያ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሮጬ ገባሁ። ተዋበች ሽሮ ታማስላለች። ክንዷን ያዝኩና ግራ ጆሮዬን አፏ ላይ አስጠጋሁ።

«ተዋበች፣ ተናገሪ!»

ማማሰያዋን አስቀመጠች። ከዚያ ከሩቅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ሆኖ፣ «ምን ልበል?» የሚል ድምፅ መጣ።

የእሷ ድምፅ መሆኑን መጀመሪያ አላወቅኩትም። እኔ የማስታውሰው ቀልጠፍ ያለ፣ ቀጭን ድምፅ ነበር፤ ይህኛው ዝቅ ያለና የሻከረ ነው። ዓመት ሙሉ በቤቷ ውስጥ ከማን ጋር ተነጋግራ ትፍታታው? በሩን የዘጋሁት በራሴ ላይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። «ይቅር በዪኝ» አልኳት። እሷም እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ እንደገና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ከየካቲት ጀምሮ የያዘችውን ነገር ተናገረች።

«ሞጆ መጥቶ ነበር።»

«ምን?»

«ያ ባለ በርኖሱ ሰውዬ። ‹ሞጆ መጥቶ ነበር በይልኝ፤ ሞጆ ካልሽው ያውቃል› ብሎኝ ነበር። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ እንደ ስልክ አሳየኝ። ለእርስዎም እንደዚያው አድርጌ ባሳይዎ... ሰደቡኝ።»

ደምሴ መስመሩን ለሌላ ሰው ትቶ፣ ባቡር ተሳፍሮ፣ ቅቤ ይዞ፣ እኔን ሊጠይቅ መጥቶ ነበር። እኔ ደግሞ በቀዳዳ አይቼው አላወቅኩትም። ፊቱን አላውቀው፣ ድምፁን አልሰማ፤ በምን ልለየው? «ኮሶ ጠጥቷል» አስብዬ መዝጊያውን በፊቱ ዘጋሁት። በኮሶ አይቀየሙም ብያለሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት ለጠበቀ ሰው ግን እንዴት አይቀየሙም?

አንድ ወር ፈራሁ። ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ቀደድኩት። በመጨረሻ ተዋበች «ሄደው በፊቱ ይቁሙ እንጂ፤ ከፈለገ ይዝጋብዎ፣ እኩል ትሆናላችሁ» አለችኝ። ከጋኑ የመጀመሪያውን ማር ከኦቦ ቦሩ ጋር ቆረጥን። ግማሹን ለማኅበሩ ብላ አስቀረችብኝ፤ ያለፈን ተራ እንዲመለስልን ራሷ ሄዳ ለማኅበርተኛው «ጆሮው ታሞ ነው፣ ስትመጡ በግራው በኩል ተቀመጡ» ብላ ተናግራለች። ግማሹን በቅል አድርጌ ባቡር ተሳፈርኩ።

የሞጆ ስልክ ቤት ከእኛው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ያው ሳጥን፣ ያው ወንበር። ሦስት ባለ ጉዳዮች ቆመዋል፤ ከኋላቸው ተሰለፍኩ። ያ አጠር ያለ፣ ጠይም ሰው ጀርባውን ሰጥቶ መስሚያውን ጆሮው ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ፀጉሩ ከኋላ ሸብቷል። ተራዬ ደረሰ። ይቅርታ ልለው አስቤ የመጣሁት ቃል ሁሉ ጠፋብኝ። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ድምፄ ይጩህ ይነስ ሳላውቅ ተናገርኩ።

«ሞጆ! ሞጆ! አዳማ ነኝ።»

ደምሴ ዞር አላለም። ቀጥ አለና ሳጥኑን በአንድ እጁ ይዞ አፉን ወደ መናገሪያው አስጠጋ። ያ ድምፅ ዐሥራ አንድ ዓመት የወጣለት ከሳጥኑ ነውና ወደ ሳጥኑ መለሰ። በጎን ከንፈሩን አየሁት፤ «አዳማ! ሞጆ ነኝ! አዳማ!» እያለ ነው። ከዚያ እጁ ቀስ ብሎ ወረደ። ዞረ።

አየኝ። እኔም እጄን አንሥቼ ቀኝ ጆሮዬን አሳየሁትና ራሴን ነቀነቅኩ፤ ከዚያ ግራውን ወደ እሱ አዞርኩለት። ተነሥቶ መጣ። ትከሻዬን ይዞ አፉን ጆሮዬ ላይ ሲያስጠጋ ትንፋሹ ተሰማኝ፤ እንደ መስሚያው ብረት ሳይሆን የሞቀ ነበር። በጭውታው መካከል ያ የማውቀው ሳቅ ቀጥኖ ገባ።

«ዛሬስ ኮሶ አልጠጣህም?»

አልጠጣሁም አልኩት።